ደካማው መስመር ላይ ያለው ሰው

«ይሰማል? እየሰማችሁኝ ነው?» አገር ቤትና ውጭ አገር የተበተነ ማኅበር በቪዲዮ ሲሰበሰብ መክፈቻው ይህ ነው። ከዋሽንግተን ሁለት ሰው፣ ከዱባይ አንዲት እህት፣ ከቴል አቪቭ አንድ ቤተሰብ፣ ከአዲስ አበባ አምስት፣ ከደሴ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዛላቸው በሞባይል ዳታ የገቡ አንዲት እናት። ስለ ቪዲዮ ስብሰባ መጪ ዘመን ሲወራ ወሬው የሚያጠነጥነው በዋሽንግተኑ ሰው ዙሪያ ነው፤ ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚጠራ፣ ምስሉ እንዴት ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው እንደሚመስል። ጉግል ቢም የሚባለው ያለ መነጽር ጥልቀት ያለው ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ኤችፒ በ2025 ይፋ ሲያደርገው ዋጋው 24,999 ዶላር ነበር። ለአንዳንድ መሥሪያ ቤት ይጠቅም ይሆናል። እኔ ግን የአንድ ስብሰባ ልክ የሚታወቀው በደካማው መስመር ላይ ባለው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። የደሴዋ እናት ከሰሙና ከተደመጡ ስብሰባ ተካሂዷል። አለዚያ የቀሩት እርስ በርስ አውርተው ተለያዩ ማለት ነው።

ፊት ማሳየትና አብሮ መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ታሪኩም ይመሰክራል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ባለ ምስል ስልኩን በ1964 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን አሳየ፤ በ1970 ፒትስበርግ ላይ በወር 160 ዶላር ለገበያ አቀረበው፤ የሚፈልገው ሰው ግን ጠፋ። በመካከሉ ዲሴምበር 9 ቀን 1968 የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ሜንሎ ፓርክ ካለ ባልደረባው ጋር በአንድ ጽሑፍ ላይ አብረው ሲሠሩ ለታዳሚ አሳይቶ ነበር። የባልደረባው ፊት ስክሪኑ ላይ ነበረ። ዋናው ግን ሁለቱም የሚነካኩት ጽሑፍ ነው። ዛሬም የማየው ሚዛን ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ የጋራ ጽሑፍ፣ ፊት በመጨረሻ።

ድምፅ ሲባል ጥራቱ ብቻ አይደለም፤ በጊዜው መድረሱም ነው። በ2009 የወጣ ጥናት አሥር ቋንቋዎችን (አማርኛ ባይኖርበትም) አነጻጽሮ፣ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስና ሌላው ሲቀበል በመካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ መሆኑን አገኘ። ሰው ይህን ሳያውቀው ይጠብቃል። ድምፁ ዘግይቶ ሲደርስ ዝምታው ይረዝማል፣ «አልሰማችኝም» ብሎ ይደግማል፣ በዚያው ቅጽበት የመጀመሪያው መልስ ይደርሳል፣ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ «ቀጥሉ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይባባላሉ፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ጠባያቸው አይደለም፤ ሰዓቱ ነው የሚያጋጫቸው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ለስልክ ንግግር ያወጣው መመሪያ ከአፍ እስከ ጆሮ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ቢሆን መልካም እንደሆነ፣ 400 ደግሞ መታለፍ የሌለበት ወሰን እንደሆነ ያስቀምጣል።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለውን እንቁጠር። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ለ1,000 ኪሎሜትር 5 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። የአየር ርቀቱ 11,500 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፤ ገመዱ ግን በጅቡቲ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን ወጥቶ፣ በግብፅና በሜዲትራኒያን አልፎ፣ አውሮፓ ደርሶ ነው አትላንቲክን የሚያቋርጠው። 15,000 ኪሎሜትር ብንለው 75 ሚሊሰከንድ። ይህን ማንም ኩባንያ አይቀንሰውም። በላዩ የስልኩ ሥራ ይጨመራል፦ ኦፐስ የተባለው የድምፅ ኮዴክ (ድምፁን ለመላክ የሚጨምቀውና መልሶ የሚፈታው ሶፍትዌር) በተለመደው አሠራሩ 26.5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ተቀባዩ ጋ ደግሞ ዘግይተው የሚመጡትን የድምፅ ቁራጮች ለመጠበቅ የተዘጋጀ ማቆያ አለ፣ እሱም መስመሩ ሲረበሽ 100 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። እስካሁን ያስኬዳል። ከዚያ ሰውየው የብሉቱዝ ኢርፎን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ በአንድ ጊዜ ይጨመራል። አትላንቲክን ማቋረጥ ብቻውን 30 ገደማ ነው። ከኪስ እስከ ጆሮ ያለችው ግማሽ ሜትር ከውቅያኖሱ ትረዝማለች።

የብሉቱዝ ጉዳት በዚህም አያበቃም። የኢርፎኑ ማይክ ሲከፈት አብዛኛው የቆየ ብሉቱዝ ከሙዚቃ ጥራት ወደ ስልክ ጥራት ይወርዳል፤ ናሙናው፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ 16,000 ወይም 8,000 ብቻ ይሆናል። 8,000 ከሆነ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፤ «ሰ»፣ «ፈ»ና «ጸ» የሚለዩት ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። በ2020 የመጣው አዲሱ የብሉቱዝ የድምፅ ሥርዓት ይህን ያሻሽላል፤ ሁለቱም ዕቃዎች የሚደግፉት ከሆነ ብቻ ነው። እስከዚያው ባለ ገመድ ኢርፎን፣ ማይኩ ከአፍ 15 ሳንቲሜትር ላይ። ጠረጴዛ ላይ 60 ሳንቲሜትር ርቆ ከተቀመጠ ስልክ ጋር ሲነጻጸር ድምፁ በ12 ዴሲቤል ይጎላል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥንና የመንገዱ ጡሩምባ ግን ባሉበት ይቆያሉ። በገመድም ቢሆን «ሠላሳ»ና «ስልሳ» መምታታታቸው አይቀርምና፣ የገንዘብ መጠን በተነገረ ቁጥር አንድ ሰው በአሃዝ ቻት ላይ ይጻፈው።

«ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፣ ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ወረፋው ላይ ነው። ድምፁ ተቆራርጦ የሚላክባት ጥቅል ትንሽ ናት። ነገር ግን ስልኩ በዚያው ሰዓት ፎቶዎችን ወደ ደመና ማከማቻ እየሰቀለ ከሆነ፣ ራውተሩ ሁሉንም አንድ ወረፋ ላይ ያሰልፋል፤ ትንሿ ጥቅል ከመቶ ትልልቆች ኋላ ቆማ ትጠብቃለች። ይህን መለየት ቀላል ነው። ማንም ሳይጠቀም ለአንድ ደቂቃ ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ሙከራ) ያድርጉ፣ ቁጥሩን ይያዙ። ከዚያ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ እየላኩ እንደገና ይለኩ። 40 ሚሊሰከንድ የነበረው 600 ከሆነ የጎደለው ፍጥነት አይደለም፤ ፓኬጅ መጨመር አይፈታውም። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት በቤቱ ውስጥ ባሉ ስልኮች ሁሉ የፎቶ መጠባበቂያውንና የቴሌግራም ራስ-ሰር ማውረጃውን ማጥፋት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሁለተኛው፣ ወረፋ የሚያስተዳድር ራውተር ነው፤ ኦፕን ደብልዩአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር በሚጫንባቸው ላይ «ኬክ» የሚባለውን ሥርዓት ከፍቶ ከተለካው ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ላይ መወሰን። ለቋሚ መስመር ግሩም ይሠራል፤ ፍጥነቱ በየደቂቃው ለሚዋዥቅ የሞባይል ዳታ ግን ያስቸግራል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ በጎረቤቶች ስለሚጨናነቅ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መዞር፣ ከተቻለም ገመድ መሰካት።

መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ስልኩ ሳይሆን ራውተሩ ነው። 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ፣ 8,800 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት በ3.7 ቮልት ሲሰላ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ብክነቱ ተቀንሶ 8 ዋት የሚበላ ራውተር ሦስት ሰዓት ያህል ያቆማል። ፋይበር ያለበት ቤት የፋይበሩ ሳጥን ለብቻው ከሆነ ሁለቱንም መመገብ ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ዋይፋዩ በርቶ ኢንተርኔት የለም።

ወደ ደሴ እንመለስ። እዚያ ችግሩ ዳታ ነው። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 600 ኪሎቢት ሲልክና ሲቀበል በሰዓት 540 ሜጋባይት ይበላል። ጥሩ ድምፅ ብቻውን፣ 32 ኪሎቢት ላይ፣ በየጥቅሉ ላይ ከሚጨመረው የአድራሻ ማሸጊያ ጋር በሁለቱም አቅጣጫ 43 ሜጋባይት ገደማ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ዳታ የ12 ሰዓት ድምፅ ያስኬዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የራስን ካሜራ መዝጋት የሌሎችን ምስል እንደማያስቆም ነው። እናቲቱ ካሜራቸውን ዘግተው ዘጠኝ ፊት እየወረደላቸው፣ ፓኬጃቸው ሳያውቁት ያልቃል። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ውስጥ፣ በሦስቱ ነጥቦች ስር፣ የሚመጣውን ምስል ማጥፊያ ወይም በድምፅ ብቻ መቀጠያ አለ። የልጅ ልጃቸው መጀመሪያ ልትነካው የሚገባት ቁልፍ ያ ነው። የሚታይ ሰነድ ካለም ስክሪን ከማጋራት አስቀድሞ በቴሌግራም መላክ ይሻላል።

ስለ መጪው ዘመን ተስፋ የምጥልበት ቦታ ይህ ነው፤ ድምፅን እያሳነሱ ሳይጎዱት ማድረስ። ኦፐስ በ2012 ደረጃ ሆኖ ሲወጣ በሰከንድ ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት ድረስ የሚሠራ ነበር። በ2021 ጉግል ላይራ ብሎ ያወጣው ኮዴክ በማሽን ትምህርት ታግዞ 3 ኪሎቢት ላይ የሚሰማ ንግግር አቀረበ። ይህ ቁጥር ሲነገር ግን አንድ ነገር ይዘለላል። ድምፁ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ፣ በሰከንድ 50 ጥቅል ሆኖ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ጥቅል ላይ ደግሞ አድራሻና ቁጥር የያዘ 40 ባይት ማሸጊያ አለ። 50 ጊዜ 40 ባይት በሰከንድ 16 ኪሎቢት ነው። 3 ኪሎቢት ደብዳቤ በ16 ኪሎቢት ፖስታ! ቁራጮቹን ወደ 60 ሚሊሰከንድ ቢያረዝሟቸው ፖስታው ወደ 5.3 ይወርዳል፤ ግን 40 ሚሊሰከንድ መዘግየት ይጨመራል። አንዱን ስትቆጥብ ሌላውን ትከፍላለህ።

ስለዚህ ከማሳነሱ ይልቅ የጠፋውን መጠገኑ ይበልጥ ያስደስተኛል። በማርች 2024 የወጣው ኦፐስ 1.5፣ እያንዳንዱ ጥቅል ያለፈውን እስከ አንድ ሰከንድ የሚደርስ ንግግር በጣም በተጨመቀ መልክ ደግሞ እንዲሸከም የሚያደርግ ዘዴ ይዞ መጣ። መስመሩ ግማሽ ሰከንድ ቢጠፋ፣ ቀጥላ የደረሰችው ጥቅል የጠፋውን ይዛ ትመጣለች። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ጥፋት የሚደርሰው አንድ አንድ እየተባለ ሳይሆን በጅምላ ነው፤ ይህ ዘዴ የታሰበው ለዚያ ነው። መተግበሪያዎቹ ሁሉ ቢቀበሉት ከማንኛውም የጠራ ስክሪን ይልቅ ደሴ ላይ ለውጥ ያመጣል።

በአንጻሩ የማልቀበለው አንድ አቅጣጫ አለ። በ2020 ኤንቪዲያ ያሳየው ዘዴ የሰውን ፊት አንድ ጊዜ ልኮ፣ ከዚያ የዓይን፣ የአፍንጫና የከንፈር ነጥቦችን እንቅስቃሴ ብቻ እየላከ፣ ተቀባዩ ጋ ያለው ማሽን ፊቱን እንዲስለው ያደርጋል። ዳታ መቆጠቡ እውነት ነው። ነገር ግን የምናየው የተሳለ ፊት ነው። ለቅሶ ላይ ላለች እህት በቪዲዮ ስንደውል ልናይ የምንፈልገው ነጥብ ያልተሰጠውን ነገር ነው፤ ያበጠውን ዓይን፣ ሳይታጠብ የሰነበተውን ፊት፣ የነጠላውን አለባበስ። መስመሩ ምስል የማይችል ከሆነ ቋሚ ፎቶና የጠራ ድምፅ ይቅረብልኝ፤ ማሽኑ ያላየውን አይሙላልኝ።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊና ባልደረቦቹ በተገኙበት የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ታዝዞ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ ማለትም 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ላከ። ስብሰባው ላይ ከእሱ በቀር እውነተኛ ሰው አልነበረም፤ የቀሩት በማሽን የተሠሩ ፊቶች ነበሩ። «በዓይኔ አይቼዋለሁ» የሚለው ማስረጃ በዚህ ዓይነት እያከተመለት ነው። ውጭ አገር ያለ ወንድም ፊቱ እየታየ «አስቸኳይ ገንዘብ» ቢል፣ ስልኩን ዘግቶ ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል ነው። የማኅበር ገንዘብ ያዥ ደግሞ በቪዲዮ ላይ በተሰጠ ትእዛዝ ብቻ ምንም ወጪ እንዳያደርግ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ።

ሰርቨሩ፣ ማለትም የሁሉንም ድምፅ ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ኮምፒውተር፣ የት ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ያነሰ የሚጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ያሉት አምስቱ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ድምፃቸው ቦሌ ለቦሌ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ ግን ጅቡቲ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጀርመን ደርሶ ይመለሳል። በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲቆረጡ ጥገናው ወራት ፈጀ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ከቦሌ ሳሪስ የሚደረግ ስብሰባ ባሕሩ ላይ ይሰናከላል። በራስ ሰርቨር ላይ የሚጫነው ጂትሲ የተባለው ነፃ የስብሰባ ሶፍትዌር ለዚህ መፍትሔ አለው። ኡቡንቱ ወይም ደቢያን ያለበት፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር ለአነስተኛ ድርጅት ይበቃል፤ ቲሲፒ 443ና ዩዲፒ 10000 የሚባሉት የኔትወርክ በሮች ይከፈታሉ። እዚህ ላይ የታወቀ ብልሽት አለ፦ ሁለት ሰው ሲገባ ሁሉ ይሠራል፣ ሦስተኛው ሲገባ የሁሉም ድምፅና ምስል ይጠፋል። ምክንያቱ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ስልኮቹ ያለ ሰርቨር በቀጥታ ስለሚገናኙ ነው፤ ሦስተኛው ሲመጣ ጭነቱ ወደ ሰርቨሩ ይዞራል፣ ያኔ ዩዲፒ 10000 ተዘግቶ ከሆነ ወይም ሰርቨሩ የውጭ አድራሻውን የማያውቅ ከሆነ ሁሉም ይጨልማል። ሙከራ ሁልጊዜ በሦስት ስልክ ይደረግ። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል የመረጃ ማዕከላት ስለተከፈቱ ሰርቨሩን አገር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ለዱባይዋ እህት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ የማኅበሩ መተግበሪያ ሲመረጥ በኤሚሬትስ የተፈቀደ መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ።

አሁን ወደ ቋንቋችን። በስብሰባ መካከል የሚነገረውን ወዲያው የሚጽፉና የሚተረጉሙ ማሽኖች እየመጡ ነው፤ ጉግል በ2025 በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መካከል የድምፅ ትርጉም ስብሰባ ውስጥ አስገብቷል። ውጭ አገር ተወልደው አማርኛ ለሚያስቸግራቸው ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ይሆናል። አማርኛ ላይ ግን የሚጠብቀው እንቅፋት በፈጣን ኮምፒውተር የሚፈታ አይደለም። «ገንዘቡን ባለፈው ሳምንት በባንክ በኩል ለማኅበሩ አልላክንም» የሚለውን እንውሰድ። ተላከ ወይስ አልተላከም የሚለው የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። እንግሊዝኛው ግን ይህን ገና ከመነሻው ይፈልገዋል። ማሽኑ ወይ እስከ ማሰሪያ አንቀጹ መጠበቅ፣ ወይ መገመት አለበት፤ ከገመተ አንዳንዴ ተቃራኒውን ይናገራል። ስለዚህ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚደረግ የቅጽበት ትርጉም ሁልጊዜ የአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ይዘገያል። ተናጋሪ ሊረዳው የሚችለው ዓረፍተ ነገሩን በማሳጠር ነው፤ «ገንዘቡ አልተላከም። ያለፈው ሳምንት ነበር መላክ የነበረበት።»

ጽሑፉም የራሱ ጣጣ አለው። በመክፈቻችን ያለችው «ይሰማል» ስትላላ «እሱ ይሰማል» ናት፣ ስትጠብቅ «ድምፁ ይሰማል» ናት። ጆሮ ወዲያው ይለያቸዋል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅን ስለማያሳይ ስክሪን ላይ አንድ ናቸው። «ገንዘብ አለ አለ» የሚል መስመር ቃለ ጉባኤ ላይ ያገኘ ሰው አንዱ «አለ» ጠብቆ ሌላው ላልቶ መነገሩን የሚያውቀው ስብሰባው ላይ ከነበረ ነው። «አልነገርናቸውም»ና «አልነገሩንም» ደግሞ በቅርጽ ይቀራረባሉ፣ ጥፋተኛውን ግን ያገላብጣሉ። ማሽን የጻፈው ቃለ ጉባኤ ጮክ ብሎ ሳይነበብ መጽደቅ የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉንም ሰው ስለሚጠራ ማሽኑ «አንተ» ብሎ ይመርጣል። የደሴዋን እናት «አንተ» የሚል ማሽን ጾታቸውንም ዕድሜያቸውንም ሳተ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሰው ስብሰባ ሲገባ ስሙን እንደሚጽፍ ሁሉ እንዴት መጠራት እንደሚፈልግ፣ አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ፣ አብሮ ይመዝገብ፣ ትርጉሙም ያንን ይከተል። ይህን ለሶፍትዌር ሠሪዎቹ መንገር ያለብን እኛ ነን፤ በራሳቸው አይመጣላቸውም።

የጋራ ጽሑፍን በተመለከተ አንድ ስሌት ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ይይዛል፤ 2,000 ፊደል ያለው የቃለ ጉባኤ ገጽ 6 ኪሎባይት ነው። በሰከንድ 600 ኪሎቢት የሚሄድ ቪዲዮ 75 ኪሎባይት ይበላል። የአንዲት ሰከንድ ቪዲዮ 12 ገጽ ቃለ ጉባኤ! ለደካማው መስመር የተሠራ አብሮ መሥራት ካለ ይህ ነው፤ ጽሑፉ በየሰው ስልክ ላይ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፣ መብራትና ኔትወርክ በሌለበትም ይታረማል፣ መስመር ሲመለስ ቅጂዎቹ ይዋሃዳሉ። ይህን የሚያስችለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ይሰጣል፦ ማን ጻፈው፣ ስንተኛው ነው፣ ከየትኛው ፊደል ቀጥሎ ነው። የተሰረዘውም ምልክቱ ይቀራል። የማንም እርማት ቀድሞ ቢደርስ ውጤቱ አንድ ነው።

አንድ አደገኛ ቀዳዳ ግን አለ። ጸሐፊው ደሴ ላይ ያለ ኔትወርክ 5,000 ብር የሚለውን 5 ሰርዞ 6 ጻፈ፤ ገንዘብ ያዡ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ 5 ሰርዞ 7 ጻፈ። ሲዋሃዱ 5 ተሰርዟል፣ 6ም 7ም ገብተዋል፤ ሰነዱ 67,000 ይላል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ፊደል ነው ያዋሃደው፣ ትርጉም አይደለም። ስለዚህ የገንዘብ መጠን፣ ቀንና ስም በነፃ ጽሑፍ ውስጥ ሳይሆን ለየብቻው በተዘጋጀ ሣጥን ይሞላ፤ ሁለት ሰው ከለወጠው ሁለቱም ዋጋ ጎን ለጎን ወጥቶ ሰው ይምረጥ።

ቀን ካነሳን፣ ሰዓቱ ራሱ የስንቱን ስብሰባ አበላሽቷል። «እሁድ 2 ሰዓት» ሲባል አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ወይም ማታ ነው፤ ውጭ ያደገው ልጅ ካላንደሩ ላይ 2 ሲሞላ ሌሊት ይሆናል። የእኛ ማታ 2 ሰዓት ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 1 ፒኤም፣ በክረምታቸው 12 ፒኤም ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በማርች ሁለተኛው እሁድ ይቀይራሉ፣ አውሮፓውያን በመጨረሻው እሁድ፤ በመካከል ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ሁሉንም ያሳስታሉ። ጥሪው ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ከነከተማው። ለእኩለ ሌሊቱ ደግሞ ከማንም የተሻለ ቃል አለን፤ ሌሊት 8 ሰዓት የእሁድ ነው የሰኞ ብሎ ከመከራከር «እሁድ ለሰኞ አጥቢያ» ማለት ይበቃል።

ስብሰባው ሲያልቅ ምርቃት አለ፤ ቪዲዮው ከሁሉም በላይ የሚያጎድለውም እዚህ ነው። አባት ይመርቃሉ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላል። በአካል ያ «አሜን» አንድ ነው። በስብሰባ ሶፍትዌር ግን አብዛኛው ሰው ማይኩ ዝግ ነው፤ ቢከፍትም ብዙ ሰርቨሮች የሚያስተላልፉት የጎሉትን ጥቂት ድምፆች፣ ሦስት ያህሉን፣ ብቻ ነው፤ የጩኸት ማጥፊያው ደግሞ የብዙ ሰው ድምፅ ሲደራረብ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያፍነዋል። አብሮ ለመዘመር ደግሞ መዘግየቱ ከ30 ሚሊሰከንድ ካለፈ ዜማው ይንሸራተታል፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የገመዱ ጉዞ ብቻ ከዚያ በእጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ዜማውን አንድ ሰው ይምራ፣ ሌላው ማይኩን ዘግቶ ይከተል። ለምርቃቱ ግን ቢያንስ ይህን ማድረግ ይቻላል፦ አስተናጋጁ የሁሉንም ማይክ ያስከፍት፣ ሁሉም ኢርፎኑን ይሰካ ድምፁ እንዳያስተጋባ፣ በየስልኩ የጩኸት ማጥፊያው ይዘጋ፤ አባትም ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ሁለት ሰከንድ ይጠብቁ። መጀመሪያ የአዲስ አበባው «አሜን» ይመጣል፣ ከዚያ የዱባዩ፣ የቴል አቪቩ፣ የዋሽንግተኑ፤ የደሴው ሲደርስ ቀጣዩን ቃል ይጀምሩ።